ዶሮዎቻችንና የጎረቤታችን ጎመን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው ስለ ቤታችን ጓሮ፥ ስለ ጎመንና ስለ ዶሮ ነው። ይህ ለስብከት የሚገባ ነገር አይደለም የሚል ቢኖር፥ እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው ሥራ አስይዞ እንጂ ሥራ ፈት አድርጎ እንዳልነበረ ኦሪት ዘፍጥረትን ከፍቶ ይመልከት።

እኛም በግቢያችን ጥቂት መደብ ጎመን፥ ቃሪያና ሽንኩርት፥ በአጥሩም ሥር ጤና አዳም አለን፤ አምስት ሴት ዶሮዎችና አንድ አውራም እናረባለን። ሥራው ለቤተሰቡ ሁሉ ተከፍሏል፤ እናት ዘሩን ትመርጣለች፥ ትልቁ ልጅ ውኃ ይቀዳል፥ ትንሿ ልጅ ማታ ማታ ዶሮዎቹን ቈጥራ ታስገባለች። የዶሮ ኵስ ትኩሱን ቢደረግ ተክል ስለሚያቃጥል፥ ከገለባና ከቅጠል ጋራ ተደባልቆ እስኪበሰብስ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ጎመኑን ያፋፋዋል። የጎመኑም የደረቀ ቅጠል ተመልሶ ለዶሮው ይሰጣል። በሁዳዴ 55 ቀን እንቁላሉ ከማዕድ ሲርቅ ጎመኑ ቤቱን ይመግባል፤ ዶሮይቱም እንቁላሏን ታቅፋ በ21ኛው ቀን ጫጩት ትፈለፍላለች። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው ሥራ በአገራችን ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ስለ ዶሮ እርባታ ብዙ ይነገራል፤ መልካም ነው።

ነገር ግን ዶሮ ወሰን አያውቅም።

ባለፈው ሁዳዴ በመጀመሪያው ሳምንት የዶሮዎቹ ቤት በር ሳይዘጋ ቀረ። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው ከጎረቤታችን መደብ ገቡና ገና ሥር ያልሰደደውን የጎመን ችግኝ ጭረው፥ ለቅመው ጨረሱት። ጎረቤታችን በዕድሜ የገፉ፥ ጎመን በጉልት ሸጠው የሚኖሩ እናት ናቸው። መጥተው ቢነግሩን፥ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ፥ «ዶሮ እንግዲህ አእምሮ የለው፤ አጥርዎን ማጠባበቅ ነበረብዎ» ብለን መለስንላቸው። እርሳቸውም ምንም ሳይናገሩ ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ።

እሑድ ስለ ፍቅር ልናስተምር በሕዝብ ፊት ቆምን። እኒያ እናት በሴቶች ወገን ከፊት ቆመው ነበር። ቃሉ ከአፋችን ይወጣል፤ ዓይናችን ግን ወደዚያ ወገን አይዞርም። ጌታችን በወንጌል፥ መባውን ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋራ ሊታረቅ እንዲሄድ ያዘዘው ሰው እኛ ነበርን፤ እኛ ግን መባችንን አቅርበን ወደ ቤታችን ገባን። ጾሙንም ጾምን። እንቁላል ከአፋችን አልገባም፤ የድሀ እናት ጎመን ግን በዶሮዎቻችን ሆድ ውስጥ ነበረ።

በሚከተለው ሳምንት ትንሿ ልጃችን መደቡን ስታጠጣ፥ «አባባ፥ የእማማን ጎመን የእኛ ዶሮዎች ከበሉት፥ እሳቸው ምን ይሸጣሉ?» ብላ ጠየቀችን። ለምእመናን ጥያቄ ስንመልስ የኖርን ሰዎች ለሕፃን መልስ አጣን። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22፥ ከብቱ የሌላውን እርሻ ያጠፋበት ሰው ከራሱ እርሻ ምርጡን እንዲክስ ታዟል። የተረፈውን አይደለም፤ ምርጡን ነው። ንጉሡ አክዓብም የናቡቴን ወይን የተመኘው የጓሮ አትክልት ሊያደርገው እንደ ነበረ ትዝ አለን። የጓሮ ነገር ትንሽ ነው አትበሉ፤ በዚያ ጓሮ ምክንያት ሰው ተገድሏል።

ስለዚህ ማለዳ ተነሥተን፥ ያማረውን ችግኝ ከነአፈሩ ነቅለን፥ ልጆቻችንን አስከትለን ሄድን። ከደጃቸው ቆመን በደላችንን ተናገርን። እኒያ እናት ችግኙን አገላብጠው አዩና፥ «ይቅር ለእግዚአብሔር፤ እንግዲህ ግቡና ትከሉት፤ እኔ ወገቤ አይታጠፍልኝም» አሉን። እስከ ረፋድ ድረስ ስንቈፍርና ስንተክል ቆየን።

እናንተም ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ ማታ ዶሮዎቻችሁን ስትቈጥሩ ከአጥሩ ማዶም ተመልከቱ። ዶሯችሁ የጫረው መደብ፥ ውኃችሁ የሸረሸረው ወሰን ያለ እንደ ሆነ፥ ለዕርቁ ፋሲካን አትጠብቁ።

እኛ በፋሲካ ዕለት ከ12ቱ የዶሮ ብልት ለአባወራ የሚቀርበውን ፈረሰኛውን ለእርሳቸው ላክን። ሳህኑ ባዶውን አልተመለሰም፤ ከዚያው ከተከልነው ጎመን አንድ እስር ነበረበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።