ምስሉና ሕንፃው
የቢሮ ቦታን ለተከራይ የሚያሳይ የኮምፒዩተር ምስል ስለሚታዘዝበት ሥርዓት ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



አንድ ሕንፃ ጣሪያው ሳይመታ ተከራይ የሚፈለግለት መሆኑ በአዲስ አበባ የተለመደ ነገር ከሆነ ውሎ አድሯል። በቦሌም ሆነ በካዛንቺስ፣ በሜክሲኮም ሆነ በሰንጋ ተራ በቆርቆሮ በታጠሩ የግንባታ ሥፍራዎች ላይ ትልልቅ ምስሎች ተሰቅለው ይታያሉ። በምስሉ ላይ ሰማዩ የጠራ፣ መስተዋቱ የሚያብረቀርቅ፣ ጎዳናውም ከግርግር ነጻ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ግን ገና ብረት ይታሰራል፤ አርማታ ይሞላል። ስለዚህ ቢሮ ፈላጊው የሚመለከተው ሕንፃውን ሳይሆን የሕንፃውን ምስል ነው፤ ውል የሚፈርመውም፣ የወራት ኪራይ በቅድሚያ የሚከፍለውም በዚሁ ምስል ተማምኖ ነው።

ይህ ምስል በኮምፒዩተር የሚሠራ ሲሆን በባለሙያዎች ዘንድ «ሬንደር» ወይም «ስሪዲ» በሚሉት ስሞች ይታወቃል። ስለ አሠራሩ ጥበብና ስለ ሶፍትዌሮቹ ዓይነት ብዙ ይነገራል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን ከዚያ የሚቀድመው እርምጃ፣ ማለትም ምስሉ የሚታዘዝበት ሁኔታ ነው። ምስሉ እውነተኛና ጠቃሚ ወይም አሳሳችና ከንቱ መሆኑ የሚወሰነው ባለሙያው ከኮምፒዩተሩ ፊት ከመቀመጡ አስቀድሞ፣ በሥራ ማዘዣው ላይ ነውና።

የተለመደው አስተዛዘዝ እንዴት ያለ ነው? አንድ ወጣት ባለሙያ የወለል ፕላን በቴሌግራም ይላክለታል፤ ከፕላኑም ጋር «አሳምረህ ሥራው፤ ለሰኞ ይድረስ» የሚል ቃል ይከተላል። ፕላኑ የመጨረሻው ይሁን ወይም የተሻረው አልተገለጸም። ኮርኒሱ በምን ከፍታ እንደሚሰቀል፣ መስተዋቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ከመስኮቱ ውጪ ምን እንደሚታይ አልተነገረም። ባለሙያው ያልተነገረውን ሁሉ ከምናቡ ይሞላዋል። ከዓምዶቹ አንዱ እይታውን የሚጋርድ ከሆነም ያነሣዋል። በዚህ ወጣት ላይ መፍረድ አይገባም፤ አሳምር ተብሎ አሳምሯልና። ነገር ግን ሕንፃው ተጠናቆ ተከራዩ ቁልፍ በሚረከብበት ቀን ያ የተነሣ ዓምድ ከስብሰባ ክፍሉ መካከል ቆሞ ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ ክርክሩ የሚነሣው በአከራይና በተከራይ መካከል ነው፤ ስሙ የሚነሣው ደግሞ የአርክቴክቱ ነው።

ገና ያልተሠራን ነገር በሥዕል ለደንበኛ ማሳየት አዲስ ጥበብ አይደለም። እንግሊዛዊው የመናፈሻ ነዳፊ ሃምፍሪ ሬፕተን (እ.ኤ.አ. 1752–1818) ለደንበኞቹ በሚያዘጋጃቸው ቀይ ሽፋን ባላቸው መጻሕፍት ውስጥ በሥዕሉ ላይ ተከፋች ወረቀት ያኖር ነበር። ወረቀቱ ሲከደን ቦታው ያለበት ሁኔታ፣ ሲገለጥ ደግሞ ወደፊት የሚኖረው ገጽታ ይታያል። ደንበኛው ያለውንና የታሰበውን ጎን ለጎን አይቶ ይወስናል ማለት ነው። በኒው ዮርክም ሂዩ ፌሪስ (እ.ኤ.አ. 1889–1962) የተባለው ሠዓሊ በ1916 የወጣው የከተማው የግንባታ ደንብ የሚፈቅደውን የሕንፃ ቅርጽ በ1922 ደረጃ በደረጃ በከሰል ስሎ አሳይቷል። የፌሪስ ሥዕሎች ግርማቸው እጅግ የሚማርክ ቢሆንም መነሻቸው በሕግ የተወሰነ ልክ ነበር።

በእነዚህ ሥራዎችና በዛሬው ምስል መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የከሰል ሥዕል ሥዕል መሆኑን ማንም ተመልካች ያውቃል። የዛሬው የኮምፒዩተር ምስል ግን ፎቶግራፍ ይመስላል። ጄምስ ካጂያ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1986 ብርሃን ከገጽ ወደ ገጽ የሚተላለፍበትን ስሌት በአንድ ቀመር ካቀረበ ወዲህ ጥላና ነጸብራቅ በሥሌት የሚገኝ ነገር ሆኗል። ተመልካቹ ፎቶግራፍ የሚመስለውን ነገር እንደ ማስረጃ ይቀበለዋል። እንግዲህ ምስሉ እውነትን ይበልጥ በመሰለ ቁጥር የአዛዡም ኀላፊነት የዚያኑ ያህል ይከብዳል።

ሕግም ይህን ጉዳይ ቸል አላለውም። በብሪታንያ ከ1991 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ጸንቶ የቆየው የንብረት አሳሳች መግለጫ ሕግ፣ መግለጫ የሚባለው በቃል የተነገረ ብቻ ሳይሆን በሥዕል የተገለጸም ጭምር መሆኑን በግልጽ አስፍሮ ነበር። በኢትዮጵያም በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆን ደንግጓል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1704፣ አንደኛው ወገን ባይታለል ኖሮ ውሉን አይገባም ነበር የሚያሰኝ የማታለል ተግባር ሲፈጸምበት ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ያመለክታል። በአጥር ላይ የተሰቀለ ምስል ጌጥ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ እንግዲህ አደጋ አለው።

ታዲያ ደኅና የሥራ ማዘዣ ምን ምን ይይዛል?

በመጀመሪያ ተከራዩ ማን እንደሆነ ይናገራል። ባንክ ለቅርንጫፉ ምድር ቤቱን ሲመለከት የሚጠይቀው ከመንገድ የሚታየው የፊት ስፋት ስንት እንደሆነ፣ ጥበቃው የት እንደሚቆም፣ የገንዘብ መክፈያ ማሽኑ የት እንደሚተከል ነው። የጠበቆች ቢሮ የተዘጉ ክፍሎችንና የመዝገብ ማኖሪያን ይፈልጋል። የርዳታ ድርጅት ስለ መኪና ማቆሚያና ስለ ጄኔሬተር ይጠይቃል። ለሁሉም ተብሎ የተሠራ አንድ ምስል ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አይመልስም። ስለዚህ ማዘዣው «ይህን ምስል የሚያየው ሰው ምን ለመወሰን ነው የሚያየው?» ከሚለው ጥያቄ መነሣት አለበት። አሥር ውብ ምስሎችን ከማዘዝ ለሦስት ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡ ሦስት ምስሎችን ማዘዝ ይሻላል።

ሁለተኛው የካሜራው ነገር ነው። በተለመደው 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የፎቶግራፍ ልክ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በአግድም 40 ዲግሪ ያህል ያሳያል፤ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን 74 ዲግሪ ያህል ይሰበስባል። በሰፊው ሌንስ የታየ ጠባብ ክፍል አዳራሽ ይመስላል። በሶፍትዌሩ ውስጥ ደግሞ ካሜራውን ከግድግዳው ወዲያ ማንም ሰው ሊቆም ከማይችልበት ሥፍራ ማኖር ይቻላል። ስለሆነም ማዘዣው ካሜራው በፕላኑ ላይ የሚቆምበትን ነጥብ፣ የዐይኑን ከፍታና የሌንሱን ልክ መወሰን ይገባዋል። ተከራዩ አንድ ቀን በዚያው ነጥብ ላይ ቆሞ ያንኑ ማየት መቻል አለበት።

ሦስተኛው ብርሃን ነው። ከውጭ ሀገር የተገኘ የሰማይ ምስል ሳይታረም ሲጫን በአዲስ አበባ የሌለ ፀሐይ ይወጣል። በለንደን በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ ረጅምና ለስላሳ ጥላም ትጥላለች። አዲስ አበባ ግን በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ትገኛለች። በዚያው በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትውላለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ደግሞ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ትታያለች። እንግዲህ ቢሮን የምታስቸግረው ፀሐይ በተለይ በምሥራቅና በምዕራብ ፊት ዝቅ ብላ የምትገባው ናት። ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነ ባለመስተዋት ሕንፃ በምን ሰዓት መታየት አለበት ቢባል፣ ቢያንስ አንዱ ምስል ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት መሆን ይገባዋል። ፀሐይ ከጠረጴዛው ላይ ስታርፍ ከታየ አከራዩ ራሱ መጋረጃ ወይም የፀሐይ መከላከያ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ይረዳል። ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ በትክክል ከተነገረው ሶፍትዌሩ ይህን ሁሉ አስልቶ ያወጣል፤ የሚጎድለው የሚነግረው ሰው ነው።

አራተኛው የዕቃውና የሰው ልክ ነው። ለምሳሌ 600 ካሬ ሜትር የሆነ ወለል ይታሰብ። ለአንድ ሠራተኛ 10 ካሬ ሜትር ቢመደብ ወለሉ 60 ሰው ይይዛል። ምስሉ ላይ የተደረደሩት ጠረጴዛዎች 16 ብቻ ቢሆኑ ግን ለአንድ ሰው 37 ካሬ ሜартር ተኩል ደረሰው ማለት ነው።