የወንዶች ራሰ በራነት፤ መንሥኤውና ሕክምናው
(በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ስብሰባ ላይ በአንድ የጤና ባለሙያ የተደረገ ንግግር፤ ጋምቤላ ከተማ)



ባለፈው ስለ አጎበር ተነጋግረን ስናበቃ አንድ ወጣት ከኋላ ተነሥቶ «ለመላጣስ መድኃኒት የለውም ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ አዳራሹ በሣቅ ተሞላ። ሣቁ ደስ ቢልም ጥያቄው የቀልድ አይደለም። ወጣቶቻችን በቀን ሥራ ያገኟትን ብር ስም በሌለው ጠርሙስ ላይ ሲያፈሱ እናያለን። ከፀጉር መርገፍ ጀርባ ሌላ በሽታ የሚደበቅበት ጊዜም አለ። በራስ በራ መዘባበት እንደሆነ አዲስ ነገር አይደለም፤ ነቢዩ ኤልሳዕም አልቀረለትም።

መጀመሪያ ስለ ተለመደው መላጣ ልናገር። ይኸኛው ከሁለቱ የግንባር ጫፎች ወይም ከአናት ይጀምርና ቀስ እያለ ይሰፋል፤ የጎንና የማጅራት ፀጉር ግን ይቀራል። አያሳክክም፣ አይቆስልም፣ አያምም። አንዳንዱ የባሮን ውኃ ይከሳል፣ ሌላው የጋምቤላን ፀሐይ፣ ሌላው ደግሞ ባርኔጣውን። ታዲያ ውኃው ቢሆን ኖሮ በዚያው ውኃ የሚታጠቡት እናቶቻችን ለምን አልተመለጡም? ፀሐይም ቢሆን ደጋ ላይ መላጣ ባልኖረ ነበር!

ነገሩ የዘርና የሆርሞን ነው። በሰውነታችን ውስጥ የወንድ ሆርሞን ወደ ሌላ ጠንከር ያለ ሆርሞን ይለወጣል፤ ሐኪሞች በአጭሩ ዲኤችቲ ይሉታል። በዘሩ ለዚህ የተጋለጠ ሰው የፀጉሩ ሥር በዚህ ሆርሞን የተነሣ ከዓመት ዓመት እያነሰ ይሄዳል፤ የሚያበቅለውም ፀጉር እየቀጠነና እያጠረ መጥቶ በመጨረሻ እንደ ሕፃን ላባ ይሆናል። ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1942 ባወጣው ጥናት፣ ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ የተሰለቡ ወንዶች እንደማይመለጡ፣ የወንድ ሆርሞን ሲሰጣቸው ግን ከመካከላቸው በዘራቸው መላጣ ያለባቸው ፀጉራቸው መሳሳት እንደሚጀምር አሳይቷል። «መላጣ ከእናት አባት ነው የሚወረሰው» የሚባለው ግማሽ እውነት አለው፤ ከአባት ወገንም ይመጣል። በማበጠሪያ ላይ ጥቂት ፀጉር ያየ ሁሉ ግን አይደንግጥ። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል፤ በቦታው ሌላ ይበቅላል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። የተለመደው መላጣ በሽታ አይደለም። የሚከተሉት ግን በሽታ ናቸው፣ ወይም የበሽታ ምልክት።

በእኛ አገር ወባ የማያውቅ ቤት የለም። ከባድ ወባ ወይም ታይፎይድ ታሞ የተነሣ ሰው ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ፀጉሩ በእፍኝ ሊረግፍ ይችላል። ትኩሳቱ ስለ ተረሳ ሰውየው ድግምት ነው ይላል፣ ወይም ሳሙናውን ይረግማል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይመለሳል። በዚያ መሐል ቅባት የሸጠለት ሰው «አየህ፣ መድኃኒቴ ሠራ!» ብሎ ስም ያወጣበታል። ብዙው የጠርሙስ ዝና የሚገኘው እንዲህ ነው።

ላሽ ደግሞ ድንገት ክብ ሆኖ የሚታይ ለስላሳ ምልጥ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ራሱ የፀጉሩን ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። በልጆች ራስ ላይ ቅርፊት ያለው፣ የሚያሳክክ፣ ፀጉሩ እየተሰበረ የሚረግፍበት ቆረቆር ግን ይጋባል። ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም፤ መድኃኒቱ ወደ ፀጉሩ ሥር መግባት ስላለበት እንደ ግሪሶፉልቪን ያለ እንክብል ለሳምንታት መዋጥ ያስፈልጋል። ችላ ከተባለ ጠባሳ ጥሎ ፀጉሩን ለዘለቄታው ሊያስቀር ይችላል። ሌላም አለ፤ አዋቂ ሰው ፀጉሩ ብል እንደ በላው ጨርቅ እዚህም እዚያም ከተነቀለ የቂጥኝ ምርመራ ያድርግ። ይህን በአዳራሽ መናገር ያሳፍራል ይሆናል፤ ቂጥኝ ግን በመርፌ የሚድን በሽታ ነው፣ ሲደበቅ ነው የሚጎዳው።

ለተለመደው መላጣ እንደሚሠሩ የተረጋገጡና በሰፊው የሚታወቁ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት እንክብል ነበር፤ በሽተኞቹ ፊታቸውና ክንዳቸው ላይ ፀጉር ሲበቅል ስለ ታየ ለራስ የሚቀባው ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ተፈቀደ። ወንዶች በቀን 2 ጊዜ ይቀቡታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ ሊብስ ይችላል፤ ውጤቱን ለማየት ቢያንስ 4 ወር መታገሥ ነው። የልብ ሕመም ያለበት ሳይማከር አይጀምር፤ ጠርሙሱም ልጅ ከሚደርስበት ይራቅ። ሁለተኛው ፊናስቴራይድ በየቀኑ የሚዋጥ 1 ሚሊግራም እንክብል ነው፤ የዲኤችቲን መሠራት ይቀንሳል። ለመላጣ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በአንዳንድ ወንዶች የወሲብ ስሜት ይቀንሳል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ የተሰበረውን እንክብል በእጇ መንካት የለባትም፣ በማኅፀን ያለውን ወንድ ልጅ ሊጎዳ ይችላልና። ሁለቱም ሲቋረጡ ያመጡት ፀጉር ተመልሶ ይሄዳል። እንግዲህ ሒሳቡን እያንዳንዱ በኪሱ ልክ ይሥራ፤ የልጆች ቀለብ ተቀንሶ የሚገዛ ነገር ግን አይደለም። ኢስታንቡል ድረስ ሄደው ፀጉር የሚያስተክሉም አሉ። እሱ አዲስ ፀጉር መፍጠር አይደለም፤ ከማጅራት ነቅሎ ወደ ፊት ማዛወር ነው።

ነጭ ሽንኩርት ራስ ላይ ማሸት ቆዳ ያቃጥላል፤ ቁስሉን «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ማለት ሞኝነት ነው። እንደ ክሎቤታሶል ያለውን ቅባት ሐኪም ለላሽ ሊያዝ ይችላል፤ ያለ ትእዛዝ ለወራት የተቀባው ግን ቆዳው ይሳሳል። በምላጭ ደጋግሞ መላጨትም ፀጉር አያበዛም። የተጠራጠረ ሰው በቅርብ ጤና ጣቢያ ይታይ፤ ከዚያ ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል፣ ነገሩ ከከበደም አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ቆዳ ክፍል ይላካል። ለተመለጠው ራስ ባርኔጣ አይለየው፤ የእኛ ቆላ ፀሐይ ፀጉር አያረግፍም እንጂ ቆዳ ያቃጥላል።

ፀጉር አስተካካዮቻችንም እዚህ አላችሁ። ቶንዶሱን ከሰው ወደ ሰው ስታዛውሩ ፀጉሩን አራግፋችሁ በአልኮል አጽዱት። ምላጭ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው፤ የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ደም በነካው ስለት ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ደንበኛም ቢሆን አዲስ ምላጭ ሲላጥ በዓይኑ ይይ፣ ካልሆነ ከወንበሩ ይነሣ።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁ። በሰው ፊት የሚያፍር ካለ ከስብሰባው በኋላ በሩ አጠገብ እቆያለሁ።