የራዲዮ አንቴናን በቤት ስለ መሥራት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር)



በዛሬው የበዓል ቀን ስለ ታላላቅ ነገር የሚናገሩ ብዙዎች ስላሉ፥ እኔ ስለ አንድ ሽቦ እንድናገር ፈቃዳችሁ ይሁን። ሽቦው ከመዳብ የተሠራ ነው፤ ርዝመቱ 20 ሜትር ከጥቂት ሴንቲ ሜትር፥ ውፍረቱም ከክብሪት እንጨት የማይበልጥ ነው። በዚሁ በደሴ በአባቴ ግቢ ውስጥ በአንድ አጣናና በአንድ የባሕር ዛፍ መካከል ተሰቅሎ ይገኛል። ለሚያልፍ ሰው የልብስ ማስጫ ይመስላል። እንዲያውም አንዲት ጎረቤታችን፥ «ለመሆኑ ልብሱን በምን ወጥታችሁ ልታሰጡት ነው?» ብለው እናቴን ጠይቀዋታል።

ይህ ሽቦ አንቴና ነው። በዓለም ላይ አማተር የሚባሉ የራዲዮ ወዳጆች አሉ። እነርሱም ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ ራዲዮ የሚሠሩ፥ ከመንግሥት ፈቃድ አውጥተው ባሕር ማዶ ካሉ መሰሎቻቸው ጋራ የሚነጋገሩ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ ጣቢያ የአገሩን ምልክት ይዞ ይጠራል፤ የኢትዮጵያ ምልክት ኢ.ቲ. ነው። በአዲስ አበባ በ5 ኪሎ፥ በዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ተቋም የተቋቋመው የክበብ ጣቢያ ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ. ተብሎ በብዙ አገር አማተሮች ዘንድ የታወቀ ነው። እኔ ገና አድማጭ ብቻ ነኝ። ለመላክ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ እስከ ዛሬ ድረስ አንዲት ቃል እንኳ አልላክሁም፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወላጆች እንዳይሠጉ ነው።

አጎቴ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ትንሽ የአጭር ሞገድ ራዲዮ ሰጠኝ። በቤታችን ውስጥ ከፍቼ ዘንጉን ባወጣው ባወርደው ከጩኸት በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ራዲዮው የተበላሸ መስሎኝ አዘንሁ። የፊዚክስ መምህራችን ግን፥ «ቤታችሁ ቆርቆሮ ነውን?» አሉኝ። አዎን ብላቸው ሣቁ። ለካስ የራዲዮ ሞገድ በብረት ውስጥ እንደ ልቡ ማለፍ አይችልም፤ ከቆርቆሮ ጣራ በታች ተቀምጦ የሩቅ አገር ጣቢያ መፈለግ፥ ጆሮን በትራስ ሸፍኖ ሹክሹክታ እንደ መስማት ነው። ራዲዮውን ይዤ ወደ ግቢ ብወጣ ድምፁ ወዲያው ተሻሻለ። አሥር ሜትር ያህል ሽቦ በዘንጉ ላይ ባስርበት ደግሞ ጣቢያው ሁሉ እርስ በርሱ መጋፋት ጀመረ። ብዙ ሰው ገንዘቡን ሁሉ በራዲዮው ላይ አውጥቶ ለአንቴናው ምንም አይተውም። በእኔ አስተያየት ይህ ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ሽቦው ልክ ልግባ። የራዲዮ ሞገድ በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ 300ን በሜጋኸርትዝ ቊጥር ብናካፍል የሞገዱን ርዝመት በሜትር እናገኛለን። የአማተሮቹ አንዱ መንደር ከ7.0 እስከ 7.2 ሜጋኸርትዝ ያለው ነው፤ ሞገዱም 40 ሜትር ያህል ስለሚሆን በዚሁ ስም ይጠራል። ቀላሉ አንቴና የሞገዱን ግማሽ የሚያህል ሽቦ ከመካከሉ ተቈርጦ የሚሠራው ነው። ግማሹን ለማግኘት 150ን እናካፍል ነበር፤ ነገር ግን የሽቦው ጫፎች ከእውነተኛ ርዝመቱ በላይ እንደ ረዘመ ስለሚያስቈጥሩት፥ በተግባር የሚካፈለው 143 ነው። 143 ለ7.1 ሲካፈል 20 ሜትር ከ14 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ወገን 10 ሜትር ከ7። ሲቈርጡ ጥቂት ማስረዘም ይገባል፤ የረዘመ ይቈረጣል፥ ያጠረ ግን መቀጠል አለበት። ለሚያደምጥ ሰው ይህን ያህል መጠንቀቅ አያስፈልግም፤ ማናቸውም ረዥም ሽቦ ይበቃዋል። እኔ የተጠነቀቅሁት ፈቃድ የማገኝበትን ቀን እያሰብሁ ነው።

ከመካከሉ እስከ ራዲዮው የሚወርደው ለቴሌቪዥን የሚሸጠው ወፍራም ገመድ ነው። የውስጡ ሽቦ ከአንዱ ወገን፥ ዙሪያውን የከበበው የተጐነጐነ ሽቦ ከሁለተኛው ወገን ጋራ ይያያዛል። የዚህ ገመድ ልክ 75 ኦም ነው፤ እንዲህ ያለውም አንቴና በመካከሉ፥ ከመሬት ርቆ ቢሰቀል፥ 73 ኦም ያህል ስላለው ሁለቱ ይስማማሉ። በገበያ በቀላሉ የሚገኘው ገመድ የሚስማማው ሆኖ መገኘቱ ደስ ይላል። መገጣጠሚያው ግን ዝናብ እንዳይጠጣ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቈረጠ ጥብጣብ አጥብቆ መጠቅለል ያስፈልጋል። በሁለቱ ጫፎች ሽቦውን ከገመዱ የሚለየው የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ቊራጭ ነው። አባቴ አናጢ ስለ ሆኑ ወይራ ይሻላል ብለውኝ ነበር፤ ዳሩ ግን እንጨት ውሃ ሲጠጣ ኤሌክትሪክን ያሳልፋል።

እስካሁን የነገርኋችሁ መልካሙን ነው። አሁን ያጠፋሁትን እነግራችኋለሁ፤ ዛሬ ከዚህ የቆምሁትም በተለይ ስለዚሁ ነው።

የመጀመሪያውን አንቴናዬን የሰቀልሁት ማንንም ሳልጠይቅ ነበር። አንዱን ጫፍ ከቤታችን ጣራ ጫፍ፥ ሁለተኛውን ከባሕር ዛፉ ላይ በኃይል ወጥሬ አሰርሁት። ሽቦው ከምሰሶ ወደ ቤታችን በሚመጣው የኤሌክትሪክ ሽቦ በላይ ያልፍ ነበር። አይቼዋለሁ። ነገር ግን በመካከላቸው ሁለት ሜትር ያህል ስለ ነበረ ምንም አይሆንም ብዬ ተውሁት። ደግሞም አማተሮቹን ለመስማት ቸኵዬ ነበር።

በነሐሴ ወር አንድ ሌሊት ዝናብና ነፋስ ሆነ። የባሕር ዛፍ በነፋስ ጊዜ እንዴት እንደሚወዛወዝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሽቦዬ ደግሞ እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ስለ ነበረ የሚለቅቀው ነገር አልነበረውም። ከጣራው በኩል ተበጥሶ በኤሌክትሪኩ ሽቦ ላይ ተጋደመ፤ የተረፈው ጫፍም በግቢያችን ውስጥ ተንጠለጠለ። በነጋታው ታናሽ እኅቴ ፊቷን ልትታጠብ ወጣች። ሰባት ዓመቷ ነው። የመዳቡ ሽቦ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ አይታ እጇን ዘረጋች። እናቴ ከማድ ቤት ሆና አየቻትና ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከእናቴ አፍ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ሰምቼ አላውቅም። እኅቴም ደንግጣ በጭቃው ላይ ተቀመጠች። ከእጇ እስከ ሽቦው አንድ ክንድ አይሞላም ነበር።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ መጣ። መብራቱን ከምሰሶው ከማጥፋቱ በፊት ሽቦዬን ሲመረምረው 220 ቮልት ይዞ አገኘው። ሠራተኛው አልተቈጣኝም፤ ሽቦውን ጠቅልሎ በእጄ ሰጠኝና ሄደ። አባቴም ያን ቀን አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ማታ ራዲዮውን ከመደርደሪያ አንሥተው በሣጥን ቈለፉበት።

ሦስት ወር አለፈ። በኅዳር ወር አባቴ ራሳቸው ጠርተው፥ «ያን ነገር እንዴት አድርገህ ብትሠራው ነው ሰው የማይገድል?» አሉኝ። በመጽሐፍ ያነበብሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። እርሳቸውም ሰምተው አንድ ሕግ አወጡ፤ ከእንጨቱና ከሽቦው የሚረዝመውን ይዘህ እጥፍ አድርገው፤ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ያን ያህል ካልራቀ አይተከልም፤ በላዩም በሥሩም አያልፍም። በዚህ ሕግ ግቢያችንን ብንለካ የሚሆን ቦታ አንድ ብቻ ተገኘ፤ እርሱም ከጓሮ በኩል ነው። ዛፉ የጎረቤታችን ስለ ሆነ ሄደን ለምነን አስፈቀድን። አስቀድሜ መለመን የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

ዘጠኝ ሜትር የሚሆን አጣና ተከልንና በሦስት ገመድ ወጥረን አቆምነው። ስለ ዛፉ መወዛወዝ መላ ያገኙት ግን አባቴ ናቸው። ገመዱን በዛፉ ላይ ከማሰር ይልቅ ከዛፉ መዘውር አንጠለጠሉና ገመዱ በመዘውሩ ላይ እንዲያልፍ አደረጉ፤ በጫፉም አምስት ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ በከረጢት አድርገው ሰቀሉበት። አሁን ዛፉ ወደዚያ ሲያዘነብል ድንጋዩ ከፍ ይላል፤ ሲመለስ ድንጋዩ ይወርዳል፤ ሽቦው ግን ሁልጊዜ በአንድ ልክ እንደ ተወጠረ ይኖራል። ከድንጋዩ በታች ሕፃናት እንዳይቆሙ በእሾህ አጥረንበታል። በኋላ ባነብብ የውጭ አገር አማተሮችም እንዲሁ እንደሚያደርጉ አየሁ። አባቴ ግን ከመጽሐፍ አላገኙትም።

ስለ መብረቅም አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ በክረምት መብረቅ የሚበዛባት ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። በውጭ የመዳብ ዘንግ በመሬት ውስጥ ቀብሬ በወፍራም ሽቦ ከገመዱ ጋራ አያይዤአለሁ፤ ነገር ግን መብረቅ በቀጥታ ቢወርድ ይህ ያድናል ብዬ አላምንም። ሰማዩ ሲጠቊር ገመዱን ከራዲዮው ነቅዬ በመስኮት ወደ ውጭ አወጣዋለሁ። ነጐድጓድ ከጀመረ በኋላ ግን አልነካውም።

አንቴናው ከተተከለ በኋላ እንኳ አንድ ጩኸት አስቸገረኝ፤ እንደ ንብ መንጋ ያለ ነው። አንድ ቀን የከተማው መብራት ሲጠፋ ጩኸቱም አብሮ ጠፋ። ራዲዮው በባትሪ ስለሚሠራ፥ ጎረቤቱ ሁሉ ሻማ ሲፈልግ እኔ በደስታ ተቀምጬ አደመጥሁ። በማግስቱ በቤታችን ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ እየነቀልሁ ብፈትን ጥፋተኛው የአባቴ የስልክ መሙያ ሆኖ ተገኘ። አሁን ሳዳምጥ ይነቀላል፤ አባቴም ይህን በትዕግሥት ተቀብለውታል።

ደሴ በተራራ የተከበበች ሆና ሳለ ሞገዱ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ ተጠይቄአለሁ። መልሱ ከላይ ነው። ፀሐይ የላይኛውን አየር በኤሌክትሪክ የተሞላ ታደርገዋለች፤ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ክፍል የአጭር ሞገድን ወደ መሬት ይመልሳል። ከዚያ በታች ያለው ሌላ ክፍል ደግሞ በቀን ሞገዱን ይውጠዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይጠፋል። ስለዚህ በ40 ሜትር ሞገድ ቀን የቅርቡ፥ ሌሊት የሩቁ ይሰማል። የእኔ ሽቦ ዝቅ ያለ በመሆኑ ወደ ሰማይ አቅንቶ ስለሚመለከት፥ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ለምታህለው ለአዲስ አበባ ይስማማል፤ ጦሳ ተራራም አይከለክለውም። የመሬት ማግኔት ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ ይህ የላይኛው አየር በእኛ ዘንድ ልዩ ጠባይ አለው። በአዲስ አበባ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪም በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1957 እስከ 1958 ዓ.ም. በተደረገው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት የተቋቋመ ነው።

ማርኮኒ በኤውሮፓ አቈጣጠር ታኅሣሥ 12 ቀን 1901 ዓ.ም. በኒውፋውንድላንድ ሆኖ 150 ሜትር ያህል ሽቦ በንፋስ በሚበር ካይት አንጠልጥሎ፥ ከእንግሊዝ አገር የተላኩ ሦስት ነጥቦች ሰማሁ ብሏል። ጊዜው ቀን ስለ ነበረ መስማቱን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት ዛሬ አሉ። እኔ ሌሊት ሌሊት ስቀመጥ ይህ ክርክር ትዝ ይለኛል፤ ሰማሁ ወይስ የሰማሁ መሰለኝ የሚለው ጥያቄ በእኔም ላይ ብዙ ጊዜ ደርሷልና። በጥር ወር አንድ ሌሊት ግን ጥርጥር አልነበረም። አንድ የኬንያ ሰው ምልክቱን፥ 5 ዜድ 4 ብሎ ጀምሮ፥ ሦስት ጊዜ ጠራ፤ አንድ ጣልያን መለሰለት። የተነጋገሩት ስለ ዝናብ ነበር። እኅቴን ቀስቅሼ አሰማኋት፤ «ማን ናቸው?» አለችኝና መልሱን ሳትጠብቅ በትከሻዬ ላይ አንቀላፋች።

ክቡራን እንግዶች፤ ዛሬ ከትምህርት ቤታችን አዳራሽ በስተኋላ እንዲህ ያለ አንቴና ሰቅለናል። አባቴ ጧት መጥተው ከኤሌክትሪኩ ምሰሶ ያለውን ርቀት በገመድ ለክተው ፈቅደዋል። የአማተሮቹ ንግግር በተራ ራዲዮ ሲሰማ እንደ ዳክዬ ጩኸት ስለሚሆን፥ ለዚሁ የሚሆን መቀበያ በጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቷል። ፀሐይ ስትጠልቅ፥ በ12 ሰዓት ተኩል ላይ፥ መስማት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ። ስልክ መሙያ ያላችሁ ግን እባካችሁ በአዳራሹ ውስጥ አትሰኩ።