ጣሳና ሲኒ
(ስለ ሞተር ብስክሌት ጎማ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት በሻይ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንድ ጓደኛችን፣ «በውጭ አገር እንደ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ያሉትን ከባድ ሞተር ብስክሌቶች የሚነዱ አንዳንድ ሰዎች በኋላ እግራቸው የመኪና ጎማ ያስገባሉ፤ ጎማውም ቶሎ አያልቅባቸውም። እኛስ ለምን አናደርገውም?» ሲል ጠየቀ። ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ ደገፈ። እኔ ግን ዝም አልሁ። የደራ ልጅ ለሆንሁት ለእኔ ጥያቄው የቤቴ ጥያቄ ነበርና። የማኅበራችን ጸሐፊ፣ «ዝም ካልህ በንግግር ትመልሳለህ» ስላለኝ እነሆ ከፊታችሁ ቆሜአለሁ።

ነገሩን ከማድ ቤት እንጀምረው። የቡና ሲኒ በጐኑ አስተኝታችሁ ብታንከባልሉት ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አፉ ሰፊ ግርጌው ጠባብ ስለ ሆነ ክብ እየሠራ ይዞራል። የቲማቲም ጣሳ ግን ሁለቱ ጫፎቹ እኩል ናቸውና ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

የሞተር ብስክሌት ጎማ መሬት የሚነካው ፊቱ እንደ እንቁላል ጀርባ የጐበጠ ነው። ሞተሯ ወደ ጐን ስትጋደም መሬት የሚነካው ቦታ ከመካከል ወደ ጠርዝ ቀስ እያለ ይሸሻል። በጠርዝ በኩል ያለው የጎማው ዙሪያ ከመካከሉ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ጎማው እንደ ሲኒው ራሱ መዞር ይፈልጋል። የመኪና ጎማ ግን ጣሳ ነው። መኪና በአራት እግሩ ስለሚቆም ሲታጠፍ እንደ ሞተር አይጋደምም፤ ሰፊና ጠፍጣፋ ፊት ይስማማዋል። ባጃጅም በሦስት እግሩ ይቆማልና ጠፍጣፋነት አያስቸግረውም። ሁለት እግር ያላት ግን ሳትጋደም መታጠፍ አትችልም።

ጣሳውን አሁን አቁሙትና በጣት ገፋ አድርጉት። በመጀመሪያ እንቢ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። አጥብቃችሁ ስትገፉት ጠርዙ ላይ ይወጣና ድንገት ይወድቃል። ጠፍጣፋ ጎማ የገባላት ሞተርም እንዲሁ ናት፤ በመጀመሪያ አልጋደምም ትላለች፣ ነጂው መሪውን በጉልበት ሲገፋት ደግሞ ካሰበው በላይ ትጋደማለች።

ጥቂት ሒሳብ ታገሡኝ። ከመካከሉ እስከ ዙሪያው 3 ሜትር በሆነ ጠባብ ክብ ላይ የምንዞር እንደ ሆነ፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ 4 ዲግሪ ገደማ መጋደም ይበቃዋል። በ10 ኪሎ ሜትር 15 ዲግሪ፣ በ20 ኪሎ ሜትር 46 ዲግሪ ያህል ያስፈልጋል። ይህ ጎማውን እንደ ምላጭ ቀጭን አድርገን ስናስበው ነው። አሁን የጎማው ጠፍጣፋ ፊት 16 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ የሞተሯና የነጂው የክብደት ማእከል ከመሬት 65 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ጠርዙ ከመካከል በ8 ሴንቲ ሜትር ስለሚርቅ፣ ጠርዙ ላይ ቆሞ ሚዛን ለመጠበቅ 7 ዲግሪ ያህል መጨመር ግድ ይሆናል። በ20 ኪሎ ሜትር 46ቱ 53 ቢሆን ጭማሪው ከስድስት አንድ እጅ ያህል ነው። በ5 ኪሎ ሜትር ግን 4ቱ 11 ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው! በረጅሙ አስፋልት ላይ ደኅና መስሎ የታየው ጎማ በገበያ መካከል የሚያዋርደን ስለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ቸርኬውን አጥብቆ የሚይዘው የጎማው ጠርዝ ለመኪናና ለሞተር የተለያየ ሆኖ ነው የሚሠራው። ያለ ቦታው የገባ ጎማ በደንብ ላይቀመጥ ይችላል፤ ይቀመጥ ብሎ ከመጠን በላይ ነፋስ መሙላትም አደገኛ ነው። በእኛ መንደር ያሉት ትንንሽ ሞተሮች ቸርኬያቸው ቀጭን ስለ ሆነ ደግሞ የመኪና ጎማ ጨርሶ አይገባላቸውም።

ታዲያ ነገሩ አይመለከተንም ማለት ነው? ይመለከተናል! እኛ ጠፍጣፋ ጎማ አንገዛም፤ ራሳችን እንሠራዋለን።

ታላቅ ወንድሜ በደራ በሞተር ሰውና ዕቃ እያመላለሰ ይተዳደራል። ወደ አዳማ ሲሄድ አዋሽ መልካሳን እያለፈ፣ ወደ አሰላ ሲወጣም በዚያው አስፋልት እየተጓዘ፣ ከኋላው ጭነት ሳይለይ ቀኑን ሙሉ ቀጥ ብሎ ይነዳል። ቀጥ ብሎ የሚነዳ ሰው የሚበላው የጎማውን መካከል ብቻ ነው። ጐንና ጐኑ ላይ ጥርስ እያለ መካከሉ ሊሾ ይሆናል፤ ሲኒው ቀስ በቀስ ጣሳ ይሆናል ማለት ነው። ለውጡ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ስለ ሆነ ነጂው ሳይታወቀው ይለምደዋል።

አንድ የገበያ ቀን እናታችንን ከኋላው አስቀምጦ በጠባብ መንገድ ላይ ወደ ኋላ ሊዞር ሞከረ። ሞተሯ በመጀመሪያ እንቢ አለች፤ አጥብቆ ሲገፋት በአንድ ጊዜ ተዘረጋች። የጭስ ማውጫው የእናቴን ባት አቃጠለው፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። የገበያው ሰው፣ «መንዳት አያውቅም» አለ። ወንድሜም አመነ፤ ለሳምንታት ያህል ሰው ከኋላው ለመጫን ፈራ። ጎማውን የተመለከተ ማንም አልነበረም። በኋላ አንድ ጎሚስታ መዳፉን በጎማው ላይ አሳልፎ፣ «ይኼ ለበረባሶ እንጂ ለሞተር አይሆንም» አለው። ወንድሜ አዲስ ጎማ ለመግዛት የዘገየው ከስንፍና አልነበረም፤ ገንዘቡ ለቤት ቀለብና ለእኔ ትምህርት ይውል ነበር። ይህን ሳስብ ከጠባሳው ላይ የእኔም ድርሻ እንዳለበት ይሰማኛል።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ሦስት ነገር ይዛችሁ ውጡ።

አንደኛ፣ ማስመሪያ በጎማው ላይ አግድም አድርጉ። አንድ ቦታ ብቻ ነክቶ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ጎማው ገና ሲኒ ነው፤ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ልጥፍ ካለ ግን ጐንና ጐኑ ላይ ጥርስ ቢኖረውም እንኳ ጣሳ ሆኗል።

ሁለተኛ፣ የጎማውን ነፋስ ጠዋት ሳይሞቅ አስለኩ። ነፋስ ያነሰው ጎማ በዝግታ መታጠፊያ ላይ መሪውን ያከብደዋል።

ሦስተኛ፣ በጠባብ ቦታ ስትዞሩ ፍጥነቱን ከመታጠፋችሁ በፊት ቀንሱ፤ በአንደኛ ማርሽ ሆናችሁ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ያዙ፤ የኋላውን ፍሬን በስሱ ንኩ፣ የፊቱን ተዉት፤ ዓይናችሁን ከጎማው ሥር ሳይሆን መድረስ ከምትፈልጉበት ቦታ ላይ አድርጉ። ከኋላ እናት ካለች ደግሞ ዝቅ አድርጓት፤ ሞተሯን ካዞራችሁ በኋላ መልሳችሁ ጫኗት። ይህ ነውር አይደለም።

ለጓደኛዬ ጥያቄ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው፤ የመኪናን ጎማ ለመኪና እንተውለት፣ የሞተራችንንም ጎማ ወደ መኪና ጎማ ሳይለወጥ በጊዜ እንለውጠው። እኛ የተማርን የምንባለውም ሰው በወደቀ ጊዜ ቸኩለን «አያውቅም» ከማለት፣ አስቀድመን ጐንበስ ብለን ጎማውን ብናይለት መልካም ይመስለኛል።