ከጀልባ ሞተር ሥር የሚንጠባጠበው ዘይት
(በባሕር ዳር ለጣና ገዳማት የጀልባ አሽከርካሪዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ይህን ርእስ ስንመርጥ መነሻችን የራሳችን ስሕተት መሆኑን ሳንሸሽግ እንጀምራለን። ባለፈው ዓመት ከጣና ደሴቶች በአንዱ የሚኖሩ አባቶች «ሞተራችን ዘይት ያፈስሳል፤ ከምንቀዳው ውኃ ላይ ቅባት ይንሳፈፋል» ብለው ላኩብን። ሄደን አየን። በጀልባ ማቆሚያው ዳር እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን በውኃው ላይ ተዘርግቶአል። እኛም አንዲት ብሎን እንኳ ሳንፈታ «ከቤንዚኑ ጋር የምትቀላቅሉት ዘይት በዝቶ ነው፤ በግማሽ ቀንሱት» ብለን ተመለስን።

በ20 ሊትር ቤንዚን ይጨመር የነበረው 400 ሚሊ ሊትር ዘይት 200 ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ፣ ከሕክምና የሚመለሱ አንድ አረጋዊ አባት ተሳፍረው ሳለ፣ በሙሉ ፍጥነት ይሄድ የነበረው ሞተር ጮኾ ቀጥ አለ። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ነበር። የከሰዓት በኋላው ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን ይመታት ጀመር። ደግነቱ በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሁለት ወንድሞች ደርሰው ገመድ ተቀበሉ፤ ደሴቱ የተደረሰው ግን ከመሸ በኋላ ነው። አባታችን አልተቆጡንም። ቢቆጡን ይቀልለን ነበር።

ዘይቱ ከዚያም በኋላ መፍሰሱን አላቆመም፤ የሚፈሰው ሌላ ዘይት ነበርና።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደ መኪና ሞተር በሆዱ የሚያጠራቅመው ዘይት የለውም። ማለስለሻው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ ኩሽኔታውንና ፒስተኑን አለስልሶ ይቃጠላል። ሳይቃጠል የቀረው ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ በብዙዎቹ ሞተሮችም ጭሱ የሚወጣው በፕሮፔለሩ መካከል ነው። ስለዚህ ለረጅም ሰዓት ቀስ ብሎ የተነዳ ሞተር ሲጋደም ጥቁር፣ ቀጭን፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ጠብታ ቢያወርድ የተበላሸ ነገር አለ ማለት አይደለም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ በመሆኑ አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ ያይላል፤ ጭሱና ጠብታውም በዚያው ልክ ይበረታል። ይህን የሚያስተካክለው ካርቡራተሩን የሚያስማማ ባለሙያ ነው። ዘይቱን መቀነስ ግን ሞተሩን መግደል ነው፤ መጠኑ የሞተሩ መመሪያ የሚያዝዘው ይሁን።

ሁለተኛው ዘይት ከታች፣ ፕሮፔለሩን የሚያዞሩት ጥርሶች ባሉበት ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው የማርሽ ዘይት ነው። ይህኛው ወፍራም ነው፤ ሽታውም አፍንጫ ይወጋል። አንዲት ጠብታ እንኳ ልትወጣ አይገባትም፤ ዘይት በሚወጣበት ውኃ ይገባልና። በዚያ ገዳም ሞተር ላይ ፕሮፔለሩ ሲወልቅ፣ የናይለን መረብ ክር በዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ዘይት የሚይዘውን ጎማ ቆርጦት ተገኘ። የጎማው ዋጋ ሲሊንደሩን ለማስጠገን ከወጣው ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ገንዘቡም አባቶች ከቡና ሽያጭ ያጠራቀሙት ነበር።

ስለዚህ ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ አሳድሩትና ጠዋት የሳጥኑን የታችኛውን ብሎን በጥቂቱ አላሉ፤ ከሥሩ ዕቃ ይቀመጥ። አስቀድሞ ውኃ ከወረደ፣ ወይም ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከወጣ፣ ጎማው ወይም የብሎኑ ማሸጊያ ቀለበት አልቆአል። ጎማው ከተለወጠ በኋላ አዲስ ዘይት የሚሞላው ከታችኛው ቀዳዳ ወደ ላይ እየተገፋ፣ በላይኛው ቀዳዳ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወጣ ድረስ ነው። በመጀመሪያ የላይኛው፣ ከዚያ የታችኛው ብሎን ይዘጋል። ከላይ የሚያፈስስ ሰው አየር አምቆ ሞላሁ ብሎ ይሄዳል።

ሦስተኛውን በአጭሩ እንለፈው። ከሞተሩ ክዳን ውስጥ ቅባት ካያችሁ፣ የሚፈስሰው ቤንዚን ሊሆን ይችላል፤ ቤንዚኑ ይተንና ዘይቱ ብቻ ይቀራል። በእጅ የሚጨመቀውን የቤንዚን ጎማ እስኪጠነክር ጨምቃችሁ ከቱቦውና ከካርቡራተሩ የቱ እንደሚያነባ ተመልከቱ። በባትሪ እንጂ በጧፍ አይደለም፤ ይህን የምንለው አይተን ነው።

የላይኛው ፍሳሽ በአካሉ ተንሸራትቶ ፕሮፔለሩ ላይ ስለሚደርስ ዓይንን ያታልላል። ሞተሩን ከሐይቁ አርቃችሁ በየብስ ላይ አጥባችሁ አድርቁት፤ ከክዳኑ ሥር ዙሪያውን ነጭ ጨርቅ እሰሩበት፤ ከፕሮፔለሩ በታች ካርቶን አንጥፉ። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ካርቶኑ ከረጠበ ምንጩ ከታች ነው።

ዛሬ ማታ ሁላችሁም ይህንኑ አድርጋችሁ ጨርቁንና ካርቶኑን ነገ ጠዋት ይዛችሁልን ኑ። የተቆረጠው ጎማ ከነክሩ ይኸው በእጃችን አለ፤ እየተቀባበላችሁ እዩት።