ባሕር ዛፍ የመጣበት አገር እንስሳት

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ ሩቅ አገር እንስሳት ነው። አገሩ አውስትራሊያ ይባላል።

ሩቅ ነው አልን እንጂ ከዚያ የመጣ አንድ ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቤት የምትሠሩበት፣ የምታነዱት፣ ገበያ አውጥታችሁ የምትሸጡት ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ወደ እኛ አገር የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ስለ ሆነ ባሕር ዛፍ ተባለ። ታዲያ ዛፉ መጣ እንጂ አብረውት የኖሩት እንስሳት አልመጡም። እስቲ ዛሬ እነሱን እንያቸው።

አውስትራሊያ ዙሪያውን በባሕር የተከበበ ምድር ነው። ስፋቱ የኢትዮጵያን ሰባት እጥፍ ያህላል። የመሬትን ታሪክ ያጠኑ ሊቃውንት እንደሚሉት ይህ ምድር በጥንት ዘመን ከሌሎች አህጉሮች ጋር ተያይዞ ነበር። ኋላ ግን ቀስ በቀስ እየተገነጠለ ሄደ። ብቻውን ከቀረ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያ ሁሉ ዘመን ከውጭ የገባ እንስሳ እጅግ ጥቂት ነው። እዚያ የነበሩት እርስ በርሳቸው እየተዋለዱ፣ ከምድራቸው ጋር እየተስማሙ ኖሩ። ከዚህ የተነሣ በሌላ ቦታ የማይታይ ፍጥረት የሞላበት አገር ሆነ።

በመጀመሪያ ካንጋሩን እናንሣ። ካንጋሩ ሣር በል ነው። የፊት እግሮቹ አጫጭር ናቸው፤ የኋላዎቹ ግን ረጃጅምና ብርቱ ናቸው። በኋላ እግሮቹ እየተስፈነጠረ ይሄዳል እንጂ እንደ በግ አይሮጥም። ትልቁ ቀይ ካንጋሩ አንድ ጊዜ ሲዘል እስከ 8 ሜትር ይርቃል።

የበለጠ የሚገርመው አወላለዱ ነው። እናቲቱ አርግዛ የምትቆየው አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። የሚወለደው ግልገል ከባቄላ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም፤ ክብደቱም አንድ ግራም አይሞላም። ዓይኑ አልተገለጠ፣ ጠጉር አላበቀለ። ሆኖም በራሱ ጉልበት የእናቱን ጠጉር እየያዘ ይወጣና ሆዷ ላይ ካለው ከረጢት ይገባል። ጡቷም ያለው እዚያው ከረጢት ውስጥ ነው። ጡቷን ጎርሶ ስምንት ወር ያህል በዚያ ያድጋል።

ላም የምታልቡ ሰዎች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ትልቁ ልጇ ከከረጢቱ ወጥቶ እየቦረቀ፣ ግን ገና ጡት ሳይተው፣ ካንጋሩ ሌላ ልትወልድ ትችላለች። ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት ወተት ትሰጣለች። ለጨቅላው ከአንዱ ጡት ቀጭን ወተት፣ ለትልቁ ከሌላው ጡት ቅባት የበዛበት ወተት ይወርዳል። ይህ ሁሉ ከአንዲት እናት በአንድ ጊዜ ነው!

ሁለተኛው ኮዋላ ነው። ኮዋላም ልጁን በከረጢት ያሳድጋል። መልኩ ግራጫ፣ ጆሮው ክብ ነው። ኑሮው ባሕር ዛፍ ላይ፣ ምግቡም የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ይህን ቅጠል ከብት እንደማይወደው ታውቃላችሁ። ቅጠሉ መርዝነት አለው፤ ኃይል የሚሰጥ ነገርም በውስጡ ጥቂት ነው። የኮዋላ ጉበት ግን መርዙን ይችለዋል፤ ረጅም አንጀቱም ቅጠሉን ቀስ ብሎ ያብላላል። ከምግቡ የሚያገኘው ጉልበት ትንሽ ስለ ሆነ ከቀንና ከሌሊቱ 24 ሰዓት ውስጥ 18 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይተኛል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ያለውን ቆጥቦ ማደሩ ነው።

ሦስተኛው ለማመን ያስቸግራል። ስሙ ፕላቲፐስ ነው፤ በወንዝ ውስጥና ዳር ይኖራል። አፉ እንደ ዳክዬ አፍ ጠፍጣፋ ነው፤ ሰውነቱ ግን ጠጉራም ነው። እንስቲቱ እንደ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ ሲፈለፈሉ ደግሞ እንደ ላም ወተት ትሰጣቸዋለች። የጡት ጫፍ ግን የላትም። ወተቱ ከሆዷ ቆዳ እንደ ላብ ይወጣና ልጆቿ ይልሱታል። ወንዱ በኋላ እግሮቹ ላይ መርዝ ያለው ሹል አለው። በ1799 የአውሮፓውያን አቆጣጠር ጆርጅ ሾው የተባለ የእንግሊዝ ሊቅ የዚህን እንስሳ ደረቅ ቆዳ ሲመረምር፣ የዳክዬ አፍ በሌላ እንስሳ ቆዳ ላይ የተሰፋ መስሎት ተጠራጥሮ ነበር። አልተሰፋም፤ እውነተኛ ፍጥረት ነው።

እንግዲህ እነዚህ እንስሳት ምን ገጠማቸው? የአገሩ ነባር ሕዝብ በአውስትራሊያ ከ50,000 ዓመት በላይ ኖሯል። እንግሊዞች መጥተው የሠፈሩት በ1788 ነው። (ይህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነሱም ጋር ድመት፣ በግ፣ የአውሮፓ ቀበሮና ሌላም እንስሳ በየጊዜው ገባ።

በ1859 ቶማስ ኦስቲን የተባለ ባለ ርስት ለአደን ጨዋታ ብሎ 24 ጥንቸሎች ከእንግሊዝ አስመጣ። ጥንቸል ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። እነዚያ ግን ተራብተው በሚሊዮን ተቆጠሩ። ሣሩን ጨረሱት፤ መሬቱ ተራቆተ፤ የአገሩ እንስሳት መኖ አጡ። በምዕራብ በኩል ጥንቸሉን ለማገድ ከ1901 እስከ 1907 ድረስ ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ አጥር ታጠረ። ምን ዋጋ አለው፣ አጥሩ ሳያልቅ ጥንቸሉ አልፎ ነበር።

በ1935 ደግሞ የሸንኮራ አገዳ የሚያጠፋ ጥንዚዛ ይበላልናል ተብሎ መቶ ያህል ጉርጥ ከሃዋይ መጣ። ጉርጡ ጥንዚዛውን አላጠፋም። ጥንዚዛው ከአገዳው ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ እጩም መሬት ውስጥ ነው። የጉርጡ ቆዳ ግን መርዝ አለው። የአገሩ እባብና አርጃኖ እንዲህ ያለ ጉርጥ አይተው አያውቁም። እንደ ለመዱት ምግብ ዋጡት፤ ብዙዎቹም ሞቱ።

አሁን ደግሞ የሚያሳዝነውን እንንገራችሁ። ታዝማኒያ በምትባለው ደሴት ውሻ የሚመስል፣ ጀርባው ላይ ጥቁር መስመሮች ያሉት፣ ልጁን በከረጢት የሚያሳድግ አውሬ ነበረ። ታይላሲን ይባላል። በግ ይበላል ተብሎ ተከሰሰ። በጉ የተበላበት ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም። ነገር ግን በጎቹን ውሾችም ይፈጁ ነበር፤ ጥፋቱ ሁሉ የተጫነው በዚህ አውሬ ላይ ነው። መንግሥት ከ1888 እስከ 1909 ለገደለ ሰው ሽልማት ከፈለ፤ ከ2,000 በላይ ሽልማት ተሰጠ። ከዚያ በኋላ አውሬው እየጠፋ ሄደ። እንዳይገደል የሚከለክል ሕግ የወጣው በሐምሌ 1936 ነው። በመስከረም 1936፣ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ የመጨረሻው በአንድ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ሞተ። ሕጉ ደረሰ፤ የሚጠብቀው ግን አልነበረም።

እንግሊዞች ከገቡ ወዲህ ከአውስትራሊያ አጥቢ እንስሳት ከ30 የሚበልጡ ዓይነቶች ፈጽመው ጠፍተዋል። ዛሬ አገሩ በጣም ይጠነቀቃል። ወደዚያ የሚገባ ሰው ዘርና ፍራፍሬ ቢይዝ መናገር አለበት፤ ጫማው ላይ ያለ አፈር ሳይቀር ይመረመራል።

ይህን ያወጋናችሁ ከውጭ የመጣ ሁሉ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ባሕር ዛፍ ስንቱን ቤት አቁሟል! ዳሩ ግን አንድን ዘር ወይም እንስሳ ከማምጣት በፊት፣ እንዲሁም አንድን አውሬ ከማጥፋት በፊት፣ ጠይቆና መርምሮ መነሣት ይገባል። 24 ጥንቸል ማምጣት የአንድ ሰው ሥራ ነበር። መመለሱ ግን አገር ሙሉ ሕዝብ አቃተው። የጠፋውን ታይላሲን ደግሞ የሚመልሰው የለም። በሉ ደኅና ሁኑ።

ተወያዩበት፦
1. የአውስትራሊያ እንስሳት ከሌሎች የተለዩት ለምንድን ነው?
2. ጉርጡ የመጣው ለምን ነበር? ምንስ አደረገ?
3. በእናንተ አካባቢ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተስፋፋ ተክል ወይም እንስሳ አለ? ምን ጠቀመ? ምንስ ጎዳ?