መረጃው ከአይሱዙው ቀድሞ ይድረስ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «የመረጃ ቴክኖሎጂ በምርት አቅርቦት ሰንሰለት ውስጥ ያለው ጥቅም» የሚል ነው። ስሙ የቢሮ ስም ይመስላል። ነገሩ ግን እናንተ በየሳምንቱ የምትኖሩት ነው። የአቅርቦት ሰንሰለት ማለት ማሳው፣ ለቀማው፣ ሳጥኑ፣ አይሱዙው፣ ደላላው፣ ጅምላ ነጋዴው፣ ቸርቻሪው፣ በመጨረሻም የአዲስ አበባዋ እናት ዘንቢል ነው። የእኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ በዚህ ሁሉ መካከል የሚተላለፈው ወሬ ለአምራቹ ገንዘብ የሚሆነው መቼ ነው?

ዛሬ የተሰበሰብነው ፒያሳ ላይ መሆኑ ለርዕሱ የተመቸ ነው። አራዳ ከጥንትም የገበያ ሰፈር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የከተማው ትልቁ ገበያ የነበረው እዚሁ ጊዮርጊስ አጠገብ ሲሆን፣ ወደ ዛሬው መርካቶ እንዲዛወር የተደረገው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ለእኛ ለአትክልት አምራቾች ደግሞ አራዳ ማለት አትክልት ተራ ነበር። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በርካታ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በኮሪደር ልማቱ ስለፈረሱ፣ ወጣቶቹ በዚህ ስታልፉ የድሮውን መልክ ላታገኙት ትችላላችሁ።

ከመካከላችሁ ሌሊቱን ከጭነት ጋር መጥቶ አትክልት ተራ ያላነጋ ጥቂት ነው። እዚያ ምን እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። በዚያች ሌሊት ስንት መኪና እንደገባ፣ ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ቸርቻሪ ስንት ሳጥን እንደሚፈልግ ደላላው ያውቃል። አርሶ አደሩ የሚያውቀው የራሱን ጭነት ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ደላላውን ሌባ እንለዋለን። እንደ እኔ አስተያየት ግን ኃይሉ ከስርቆት ብቻ የመጣ አልነበረም። ሁሉም መረጃ እሱ ዘንድ ስለተከማቸ፣ ዋጋውን የሚቆርጠውም እሱ ሆነ።

ይህን ስል ራሴን ነፃ አድርጌ አይደለም። ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2011 ዓ.ም.፣ በልማት ጣቢያዬ ላሉ አምራቾች የገበያ መረጃ በማምጣት ልረዳቸው ተነሳሁ። አንድ ቀን ማለዳ አትክልት ተራ ለሚሠራ ሰው ስልክ ደውዬ የቲማቲም ዋጋ እንደጨመረ ሰማሁ። በደስታ ከማሳ ማሳ እየዞርኩ ነገርኩ። ሁሉም በአንድ ቀን ለቀሙ፤ ገና መቅላት የጀመረውን ሳይቀር ለቀሙ። እኔም ከጭነቱ ጋር ተሳፍሬ ሌሊት ፒያሳ ደረስኩ። ለካስ ያንኑ ዋጋ የሰማነው እኛ ብቻ አልነበርንም። አይሱዙዎቹ ተደርድረው ነበር። ሲነጋ ዋጋው ስልክ ላይ ከሰማሁት በግማሽ ወርዷል። መመለሻ የለም፣ ሌላ ገበያ የለም፣ ቲማቲሙ ደግሞ አይጠብቅም። በተገኘው ዋጋ ተሸጠ፤ የላሸቀው ተደፋ። አብረውኝ የመጡ አንድ አባት አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ የነገርከን እውነት ነበር፤ ግን የትናንት እውነት ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ስለ ገበያ ስናገር የሚሰማኝ አልነበረም፤ እውነት ነበራቸው።

ከዚያ ጥፋት የተማርኩትን በሚገባ ያብራራልኝ አንድ የውጭ አገር ጥናት ነው። ሮበርት ጄንሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ሲሆን፣ በደቡብ ህንድ በኬረላ ዳርቻ ስላሉ ዓሣ አጥማጆች ነው። ዓሣም እንደ ቲማቲም አይጠብቅም። ተንቀሳቃሽ ስልክ ከመምጣቱ በፊት ከሚያዘው ዓሣ ከ5 እስከ 8 በመቶው ገዢ አጥቶ ይደፋ ነበር። ስልክ ከገባ በኋላ አጥማጆቹ ገና ባሕር ላይ ሳሉ እየደወሉ የትኛው ወደብ ገዢ እንዳለው ይጠይቃሉ፤ ጀልባቸውንም ወደዚያ ያዞራሉ። ብክነቱ ጠፋ፤ ትርፋቸው በአማካይ 8 በመቶ ጨመረ፤ የሸማቹም ዋጋ 4 በመቶ ቀነሰ።

ልብ በሉ፤ የእነሱና የእኔ ስልክ ልዩነት የለውም። ልዩነቱ እነሱ በዳርቻው ላይ በርካታ ገበያ ስለነበራቸው ጀልባውን ማዞር መቻላቸው ነው። የእኛ አይሱዙ ግን የሚያውቀው አንድ አትክልት ተራን ብቻ ነበር። ስለዚህ መረጃ ገንዘብ የሚሆነው ሰሚው በሰማው ነገር ሥራውን መለወጥ ሲችል ነው። ካልቻለ የገበያ ዋጋ መስማት ጭንቀት ይጨምራል እንጂ ገቢ አይጨምርም።

በአገራችንም ምሳሌ አለን። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ከጀመረ በኋላ የዋጋ መረጃን በሰሌዳ፣ በአጭር መልእክትና በ929 የስልክ መስመር ለሕዝብ አቅርቧል። ነገር ግን ዋጋውን ብቻ አላሰማም። ምርቱ መጋዘን ይገባል፣ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ ክፍያውም በባንክ በኩል ይፈጸማል። መረጃውን ያስከበሩት እነዚህ ናቸው። በቆሎ ወይም ሰሊጥ መጋዘን ተቀምጦ ዋጋ መጠበቅ ይችላል። ቲማቲም ግን አይችልም፤ በመሆኑም የእኛ መላ ከለቀማው በፊት መጀመር አለበት። ስለ አመራረት ከሆነ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በ8028 መስመር ምክር ሲሰጥ ቆይቷል። የሽያጩን ነገር ግን ራሳችን ማደራጀት ይኖርብናል።

ከዚህ አንፃር ለዩኒየናችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛው የተከላ መዝገብ ነው። የቲማቲም ችግኝ ማሳ ላይ ከተተከለ በኋላ፣ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ፣ ለመጀመሪያው ለቀማ ሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። እያንዳንዱ አባል የተከለበትን ቀንና የማሳውን ስፋት ለመሠረታዊ ማኅበሩ ቢያስመዘግብ፣ ዩኒየኑ በየትኛው ሳምንት ስንት ኩንታል እንደሚደርስ ከሁለት ወር በፊት በግምት ያውቃል ማለት ነው። ይህን መረጃ ደላላው እንኳ የለውም። ተከላውንም ለቀማውንም በተራ በተራ ለማድረግ ያስችለናል።

ሁለተኛው ከአንድ በላይ መሸጫ ነው። መዝገቡን ይዘን የከተማዋን የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የእሁድ ገበያዎችን፣ ሆቴሎችንና የተማሪዎች ምገባ ያለባቸውን ተቋማት አስቀድመን ማነጋገር እንችላለን። በአዳማና በሐዋሳም ገዢ መያዝ አለብን። አዲስ አበባ በሞላበት ሌሊት ሹፌራችን ስልክ ተደውሎለት መኪናውን የሚያዞርበት ቦታ ይኑረው።

ሦስተኛው ሚዛንና ካርኒ ነው። ሳጥን መለኪያ አይደለም፤ አንዱ ይጠብባል፣ ሌላው ይሰፋል። ርክክቡ በኪሎ ይሁን፤ ኪሎው፣ ደረጃው፣ ዋጋውና ተቀናሹ በዚያው ቀን በአባሉ ስልክ ላይ በአጭር መልእክት ይድረስ። ክፍያውም በባንክ ወይም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ባገኘነው ቴሌብር ይፈጸም። እናቶች ያመረቱት በራሳቸው ስም ይመዝገብ፣ በራሳቸው ቁጥር ይከፈል።

ጥቅሙን በምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ጫነ እንበል፤ ኪሎው 20 ብር ቢሸጥ 100,000 ብር ነው። ከአምስት ሳጥን አንዱ ከተበላሸ 20,000 ብር ተደፋ ማለት ነው። በመዝገቡና በስልኩ ምክንያት ብልሽቱን በግማሽ ብንቀንስ ከአንድ ጭነት ብቻ 10,000 ብር ይተርፋል። የመዝጋቢ ደመወዝና የስልክ ካርድ ከዚህ ይወጣል።

ማስጠንቀቂያም አለኝ። ከገዙት በኋላ የሚሠራበት ሰው ጠፍቶ ላስቲኩ ሳይነሳ የተቀመጠ ኮምፒዩተር በአንድ ቢሮ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት መዝጋቢው ይሠልጥን። መብራትና ኔትዎርክ ሲጠፋ የምንመለስበት የወረቀት መዝገብ አይቋረጥ። ስልክ የሌለው አባል መረጃው በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይጠብቀው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትናንት በደላላው ኪስ የነበረው መረጃ ነገ በጥቂት የዩኒየን ሠራተኞች ኪስ ከገባ ምንም አልተለወጠም። መዝገቡን ማንኛውም አባል መጥቶ ማየት ይችል ዘንድ በመተዳደሪያ ደንባችን ይጻፍ።

አባቶቼና እናቶቼ፤ በዚያች ሌሊት ፒያሳ ላይ የተደፋው ቲማቲም የእናንተ የሦስት ወር ድካም ነበር። ያን ዕለት መረጃው ማሳ የደረሰው ከረፈደ በኋላ ነው፤ ብቻውንም ነበር የደረሰው። ቲማቲሙ ተመልሶ አይመጣም። የሚቀጥለው ተከላ ግን ደርሷል፤ መዝገቡን ከእሱ እንጀምር።